ተከፍተው የሚቀቡ የመኪና መብራቶች፦ ከቢቸና እስከ ሞጣ

በዚህ ወቅት ስለ መኪና መብራት ቀለም መጻፍ የሚያስቀይመው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ እየተባለ፣ ነጋዴው የጫነው ጤፍ እህል በረንዳ መድረሱን ሳያረጋግጥ እንቅልፍ በማይተኛበት ጊዜ የመብራት ጌጥ ምን ቁም ነገር ይሆናል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ስለ መብራቱ ስናወራ ስለ መለዋወጫ ዋጋ፣ ሥራ ስላጣ ወጣትና ስለ ተሽከርካሪ ምርመራ ማውራታችን ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲመሽ አህያውን እየነዳ ከገበያ በመንገድ ዳር ስለሚመለሰው ገበሬ ማውራታችን ነው። እርሱ መብራት የለውም። ያለው የሌላው ሰው መብራት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናው የፊት መብራት ከቦታው ይፈታል፤ ፊቱን የሸፈነው ፕላስቲክ ተሞቆ ይላቀቃል፤ ውስጡ ጥቁር ወይም የመኪናውን አካል ቀለም ይቀባል፤ አንዳንዱ በአምፖሉ ዙሪያ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለበት ያስገባበታል፤ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። በውጭው ዓለም ይህ የመኪና ወዳጆች የእሑድ መዝናኛ ከሆነ ቆይቷል። እኛ ዘንድ የመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው አዲስ አበባ ሲሆን ሁለተኛው የእጅ ስልክ ነው። ቢቸና መናኸሪያ ቆሞ የሚገቡትን የሚወጡትን ያየ ሰው ዐይኗን የተኳለች ባጃጅ፣ ግንባሩ ላይ ሦስት ተጨማሪ ፓውዛ ያሰረ አይሱዙ፣ የመብራቱ ሆድ የጠቆረ አሮጌ ኮሮላ አያጣም። ሞጣም ቢሄድ ያው ነው። ሁሉም መብራት ተከፍቶ የተቀባ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ በላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ አንዳንዱ ከውጭ በስፕሬይ የተነፋ ነው። ተከፍቶ የተቀባው ግን የበለጠ ትኩረት ይሻል፤ ጉዳቱ ከውጭ ስለማይታይ።

እኔ በሙያዬ መካኒክ አይደለሁም። ይሁንና ሥራውን በቅርብ ለተመለከተ ሰው ምሥጢሩ ያን ያህል የተደበቀ አይደለም። የፊት መብራት ሲያዩት አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ሦስት አራት ነገር ነው። ከፊት ግልጽ ሽፋን አለ። ድሮ መስታወት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ፖሊካርቦኔት የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ቦታውን እየያዘ መጣ። ከኋላ አምፖሉ የሚሰካበት ቤት አለ። በመካከል ብርሃኑን ሰብስቦ ወደፊት የሚወረውር፣ የብር መልክ ያለው አንጸባራቂ ሳህን ይገኛል። በሳህኑ ዙሪያ ደግሞ ለጌጥ ብቻ የገባ ክፈፍ አለ። ሽፋኑና ቤቱ የተያያዙት በማጣበቂያ ነው። በብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ላይ ያለው ማጣበቂያ ቡታይል የሚባል ጥቁር፣ ማስቲካ መሰል ነገር ሲሆን ሲሞቅ ይለሰልሳል። በሌሎች መኪኖች ላይ ያለው ግን አንዴ ከደረቀ በሙቀት የማይላቀቅ ነው። ይህን ሳይለይ የጀመረ ሰው ሽፋኑን ይሰብረዋል።

አሠራሩን ልቀጥል። ኮፈኑ ይከፈታል፣ እንደ መኪናው ዓይነት ፓራውልቱም ይፈታል፣ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀላል፣ ሶኬቱ ይላቀቃል፣ አምፖሎቹ ሁሉ ይወጣሉ። ኦቨን ያለው ሰው መብራቱን 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ለሰባት ስምንት ደቂቃ ያሞቀዋል። በእኛ ከተሞች ኦቨን ያለው ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ የሴቶች ጸጉር ቤት ማድረቂያ ይዋሳሉ፤ አለዚያም በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይጠቀልሉበታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አሙቆ፣ እንጨት አንጥፎ፣ መብራቱን አስቀምጦ አክንባሎ የሚደፋበትም አለ። ለብልሃቱ አድናቆት አለኝ። ምጣድ ግን እንጀራ ለመጋገር የተሠራ ነው፤ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ያልፋል፤ ፕላስቲኩን ለማጣመም ደግሞ ከዚያ በታች ያለው ሙቀትም ይበቃል። አንዴ የተጣመመ የመብራት ቤት ተመልሶ ቢገጠምም ብርሃኑ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ቦይ ነው የሚያየው።

ሽፋኑ ከለሰለሰ በኋላ ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ዝርግ ካቻቢቴ ቀስ እየተባለ ይላቀቃል። ክፈፉ በብሎን የተያዘ ስለሆነ ለብቻው ይወጣል። በሥነ ሥርዓቱ የሚሠራ ሰው የሚቀባው ይህንን ክፈፍ ብቻ ነው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያሻሸዋል፣ በአልኮል ይጠርገዋል፣ ሙቀት የሚችል ቀለም ስስ አድርጎ ደጋግሞ ይነፋበታል፤ ከዚያ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያደርቀዋል። ችኩሉ ግን ቀለሙ ሳይደርቅ ይዘጋዋል። አምፖሉ ሲግል ከቀለሙ የሚወጣው ትነት መሄጃ ያጣና በሽፋኑ ውስጠኛ ፊት ላይ ይለጠፋል፤ መብራቱ በሳምንቱ ወተት የተቀባ ይመስላል።

ትልቁ ጥፋት ግን ሳህኑን መንካት ነው። ያ የሚያብለጨልጨው ነገር እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ስለሆነ ልጠርገው ተብሎ በጨርቅ ቢታሽ ይነሳል፤ ጣት እንኳ ቢያርፍበት አሻራው ይቀራል። ሁሉን ያጠቆረ መብራት ያምራል የተባለ ዕለት ሳህኑም አብሮ ይቀባል፤ ወይም ቀለሙ ሲነፋ ይፈናጠቅበታል። ጥቁር ነገር ብርሃን እንደማይመልስ ለማንም ግልጽ ነው። ሹፌሩ ብርሃኑ እንዳነሰው ሲያይ አምፖሉን ከፍ ወዳለ ዋት ይለውጠዋል። አዲሱ አምፖል ሽቦውን ያግላል፣ ሶኬቱን ያቀልጣል። ከዚያ ወደ ኤሌትራውቶ ይሄዳል። ነገሩ እንዲህ እንዲህ እያለ በ"ላሳምረው" የተጀመረው ወደ እሳት ያመራል።

መዝጊያውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። አሮጌው ማጣበቂያ ተጠርጎ አዲስ ቡታይል መግባት ነበረበት። ቡታይል ሞጣ ከየት ይመጣል? ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው የመስኮትና የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ይተካዋል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ያንኑ ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ይበላዋል። ክፍተት ከቀረ ደግሞ የሐምሌ ዝናብ አይምረውም። ውሃ ያዘለ መብራት ብርሃኑን በሁሉም አቅጣጫ ይበትናል፤ ፊት ለፊት ለሚመጣው ሰው አንድ ትልቅ ነጭ ጭጋግ ሆኖ ይታየዋል።

አንባቢ እዚህ ላይ "እሺ፣ የራሱን መብራት አበላሸ፤ ታዲያ ሌላውን ምን አገባው?" ሊል ይችላል። የጽሑፌ ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ሌላውን ይመለከተዋል፤ በደንብ ያገባዋል።

የአጭር መብራት ብርሃን በትክክል ሲስተካከል በየ10 ሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ እያለ ይሄዳል። መብራቱ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ አንድ ኮሮላ እንውሰድ። 50 ሜትር ላይ የብርሃኑ የላይኛው ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው የሚያርፈው። የመንገዱን አስፋልት ወይም ጠጠር፣ የእግረኛውን እግር ያሳያል እንጂ የማንንም ዐይን አይወጋም። ተከፍቶ ሲዘጋ አንዲት ዲግሪ ብቻ ወደላይ ቀና ቢል፣ እዚያው 50 ሜትር ላይ ጫፉ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ይህ ከፊት ለፊት የሚመጣው የቤት መኪና ሹፌር ዐይን ያለበት ከፍታ ነው። የባጃጅ ሹፌርም ዐይን እዚያው አካባቢ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሦስት ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። የተጥበረበረ ዐይን እስኪመለስለት ከሦስት ሰከንድ በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ሒሳቡን አንባቢ ይጨርሰው።

አምፖሉም የራሱ ጉዳይ አለው። በእኛ አገር አሮጌ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ኤች 4 የሚባለው አምፖል በ12 ቮልት 60 እና 55 ዋት ነው፤ አንዱ ክር ለረጅም፣ ሌላው ለአጭር መብራት። ከአጭሩ ክር ሥር ብርሃን ወደላይ እንዳይወጣ የምትከልል ትንሽ የብረት ማንኪያ አለች። ሳህኑ የተቀረጸው ክሩ ያለበትን ቦታ መሠረት አድርጎ ነው። በዚያ ቦታ በርካሽ የሚሸጠውን ኤልኢዲ ወይም ዜኖን አምፖል ሲሰኩበት ብርሃኑ የሚነሳበት ቦታ ይዛባል፤ ከሹፌሩ ወንበር ሲታይ ነጭ በነጭ ሆኖ ደስ ይላል፤ ከፊት ለሚመጣው ግን መቅሠፍት ነው።

ጥቂት ሰዎች የሚያስተውሉት ሌላ ጉዳይም አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በቀኝ በኩል የምትነዳ አገር ነች። ጃፓን በግራ ነው የምትነዳው። ለጃፓን መንገድ የተሠራ መብራት አጭሩ ብርሃን በግራ በኩል ከፍ ይላል፤ የራሱን የመንገድ ዳር እንዲያሳይ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ መብራቱ ግን ሳይለወጥ እኛ መንገድ ላይ የወጣ መኪና፣ ያችን ከፍ ያለች ብርሃን በቀጥታ በተቃራኒ ለሚመጣው ያበራለታል። እንዲህ ያለውን መብራት ከፍቶ ቀለም መቀባት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በትራፊክ አደጋ መሞታቸው የተመዘገበው ሰዎች 4,352 ነበሩ፤ ድርጅቱ ራሱ የገመተው ግን 27,326 ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ለዛሬው ግን ከሟቾቹ ትልቅ ድርሻ የሚይዘው እግረኛ መሆኑን መያዝ ይበቃናል። መብራትን መጋረድ ምን እንደሚያስከትል ታሪክም ያስተምራል። እንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን አውሮፕላን እንዳያያት የመኪና መብራቶችን አስጋርዳ፣ የመንገድ መብራቶችን አጥፍታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 በመንገድ አደጋ የሞቱባት 6,648 ሰዎች ነበሩ፤ በ1941 መኪናው በነዳጅ እጥረት እንዲያ ተመናምኖ ሳለ የሟቾቹ ቁጥር 9,169 ደረሰ።

በነገራችን ላይ ቀለም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1993 ድረስ መኪኖቻቸው ቢጫ መብራት እንዲያበሩ በሕግ ያስገድዱ ነበር። ልዩነቱ እነርሱ ቢጫውን የመረጡት በሕግና በመለኪያ ነው፤ እኛ ጥቁሩን የምንመርጠው በመልክ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይህን ያደርጋል? "ወጣቱ ለታይታ ነው" ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ብዙው መብራት መጀመሪያ የሚከፈተው ለጌጥ ሳይሆን ለጥገና ነው። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ የፀሐይ ጨረር ይበረታል፤ ፖሊካርቦኔት ደግሞ ጠላቱ ፀሐይ ነው። ይቢጫል፣ ይደበዝዛል። የጠጠር መንገድ አቧራና ፍንጣሪ ሲጨመርበት ሞራ እንደያዘው ዐይን ይሆናል። ባለመኪናው በመጀመሪያ በኮልጌት ያሸዋል። ለጊዜው ጥርት ይላል። ኮልጌቱ ግን የላይኛውን የፀሐይ መከላከያ ቅብ ጠርጎ ስለሚወስደው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። ያኔ "ይከፈት" ይባላል። ከተከፈተ አይቀር ደግሞ "እግረ መንገዱን እናሳምረው"።

አዲስ መብራት ለምን አይገዛም? እዚህ ላይ ነገሩ ከጋራዥ ወጥቶ ወደ ኢኮኖሚው ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር፤ ውጤቱ ግን አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዕድሜው እንዲረዝም ሆነ። የ30 ዓመት ኮሮላ እንደ ቅርስ ተያዘ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ አሮጌው ይበልጥ ተወደደ። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዱባይ የሚመጣው መለዋወጫ አብሮት ወጣ። ስለዚህ ባለመኪናው ያለው ምርጫ ወይ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ መፈለግ ነው፣ ወይ ያለውን ከፍቶ ማደስ። ያገለገለ መብራት ከየት እንደሚመጣ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል፤ መብራቱና ስፖኪዮው ላይ የሰሌዳ ቁጥሩን የሚያስቀርጸው በከንቱ አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ የራሱን መብራት ቤቱ ከፍቶ የሚያድስ ሰው የሌላ ሰው መብራት ከተነቀለበት ገበያ ከሚገዛው ሰው በሥነ ምግባር ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ሥራ ነው። አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ያልመጣለት፣ ወይም መጥቶለት የሚማርበት መንገድ የተዘጋበት ልጅ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቶ፣ ያጎቱን ባጃጅ መብራት ከፍቶ ሙያ ይለማመዳል። የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ እንኳ ቪዲዮው በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ቪዲዮው የሚናገረው በእንግሊዝኛ ወይም በሂንዲ ነው። ልጁ የሚያየው እጁን እንጂ የሚነገረውን አይሰማም። "ሳህኑን አትንኩ" የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚቀረው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ጸጥታው ሳልጽፍ ብቀር ጉዳዩን ጎዶሎ አደርገዋለሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ጊዜው ቢያልፍም፣ በክልሉ በርካታ ከተሞች የተሽከርካሪ፣ በተለይም የባጃጅ፣ የምሽት እንቅስቃሴ ሲገደብ ቆይቷል። ይህ በመንገዱ ላይ ሁለት ነገር አስከትሏል። አንደኛው፣ ሰዓት እላፊ እንዳይዘው የሚጣደፈው ሹፌር የሚበርረው ልክ ዐይን ለመለየት በሚቸገርበት በድንግዝግዝ ሰዓት ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። በምሽት ወደ ኬላ የሚጠጋ ሹፌር ረጅም መብራቱን ቀንሶ፣ የውስጥ መብራቱን አብርቶ፣ ቀስ ብሎ መቅረብ እንዳለበት ያውቃል፤ ይህ የመንገድ ሕግ ከመሆኑ በፊት የነፍስ ጉዳይ ነው። አጭር መብራቱ እንደ ረጅም የሚያጥበረብር መኪና ግን ሹፌሩ ቢቀንሰውም አልቀነሰም። ከኬላው ወዲያ መሣሪያ ይዞ የቆመው ሰው የሚያየው ታዛዥ ሹፌርን ሳይሆን ፊቱ ላይ የበራ ብርሃንን ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ መብራት የያዘውም ከሩቅ ሳይታይ በድንገት ይደርሳል። በዚህ ዘመን፣ በዚህ መንገድ ላይ፣ አለመታየትም ሆነ ማጥበርበር ዋጋው ቅጣት ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሕጉስ? የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 እና ተከታዮቹ ደግሞ የመብራት ጉድለትን ያስቀጣሉ። ስለዚህ ሕግ የለም አይባልም። የጎደለው መለኪያው ነው። ቦሎ ለማውጣት ጎማና የእሳት ማጥፊያ ተውሶ መሄድ በአገራችን የታወቀ ነው፤ መብራት "ይበራል ወይስ አይበራም?" ተብሎ በዐይን ከታየ በኋላ የት እንደሚያበራ የሚጠይቅ የለም። የብርሃንን አቅጣጫ የሚለካ መሣሪያ በየወረዳው ይኑር ማለት ደግሞ ሕልም ነው። መንገድ ላይ ያለው ትራፊክ ፖሊስ ባዶ እጁን ነው። በቀን የሚያስቆመውን መኪና መብራት ጥቁር ስለሆነ ሊቀጣው ይችላል። በሌሊት የሚያጥበረብረውን ግን አያገኘውም።

የቢቸናና የሞጣ ሰው ደግሞ በቅጣት ብቻ ለሚመጣ መንግሥት ያለው ፊት የታወቀ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ይዞ ለግመታ የመጣውን ሹም አላስገባም ብሎ ያመፀው የዚሁ አገር ገበሬ ነው፤ አውሮፕላን ሳይቀር ተልኮበት በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዢውን አነሱለት፣ ውዝፉንም ማሩለት። የመብራት ነገር ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን "ለምን?" የሚለው ሳይነገረው የሚቀጣ ሰው ቅጣቱን የገቢ ማሰባሰቢያ አድርጎ ማየቱ ያኔም ዛሬም ያው ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው። መብራት መለካት የሚቻለው ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ነው። ቢቸና መናኸሪያ አንድ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይመረጥ፤ ከፊቱ ያለው መሬት ሜዳ ይሁን። ከግድግዳው 10 ሜትር ላይ በኖራ መስመር ይሰመር። መኪናው እዚያ ይቁም። የመብራቱ መሐል ከመሬት ያለው ከፍታ በሜትር ተለክቶ ግድግዳው ላይ ምልክት ይደረግ፤ ከእርሱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ መስመር ይሰመር። ሲመሽ አጭር መብራት ይብራ። የብርሃኑ የላይኛው ጫፍ ከታችኛው መስመር በላይ ከወጣ፣ ከመብራቱ ጀርባ ባለችው ማስተካከያ ብሎን ዝቅ ይደረግ። ሁለቱም መብራቶች እኩል ካልሆኑ አንዱ ተበላሽቷል። ጎማው ልኩን የነፋ፣ ጭነቱም የተለመደው ይሁን፤ ከኋላ ኩንታል የጫነ መኪና አፍንጫውን ቀና ያደርጋልና። ለዚህ የሚያስፈልገው ኖራ፣ ሜትርና የሚያስተውል አንድ ሰው ነው። ሞጣም እንዲሁ። የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶቹ ይህን ለማድረግ ከባሕር ዳር በጀት መጠበቅ ያለባቸው አይመስለኝም።

ለልጆቹም ቢሆን "አትንኩ" ከማለት "እንዲህ ንኩ" ማለት ይቀላል። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የአውቶሞቲቭ ክፍል አላቸው። መብራት መክፈትን የጓሮ ሥራ አድርጎ ከመተው የሁለት ሳምንት ሥልጠና ቢያደርጉት፣ የትኛው ማጣበቂያ እንደሚላቀቅ፣ ሳህን ለምን እንደማይነካ፣ ተከፍቶ የተዘጋ መብራት ግድግዳ ላይ ሳይለካ ለባለቤቱ እንደማይሰጥ ያስተምሩበት ነበር። ክፈፉን ጥቁር ይቀባ፤ ግድ የለም፤ ሳህኑ ካልተነካና ብርሃኑ ከተለካ ማንንም አይጎዳም። እንዲያውም ከፍቶ ማደስ የሚችል እጅ ቢቸና ውስጥ መኖሩ ሀብት ነው። መለዋወጫ በዶላር በሚገባበት አገር አሮጌውን መብራት አጥርቶ የሚመልስ ልጅ ጥቅሙ ከጌጡ በላይ ነው።

ይህ ደግሞ ነገ የሚቆም ነገር አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መኪኖች አዲስ አበባን እየሞሉ ነው፤ ወደ ክፍለ ሀገር መውረዳቸውም አይቀርም። የእነርሱ መብራት አምፖል የለውም፤ ኤልኢዲው ከነሰሌዳው ከውስጥ የታሸገ ሲሆን አንዲት ፍሬ ስትቃጠል ሙሉ መብራቱ ይለወጥ ይባላል። ዋጋውን የሰማ ባለመኪና ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። ማጣበቂያው በሙቀት የማይላቀቅ ሲሆን በመጋዝ ይቆረጣል። ቢቸና ላይ ያንን መጋዝ የሚይዘው ማን እንደሚሆንም ከአሁኑ ይታወቃል፤ ያው ዛሬ የእናቱ ምጣድ ላይ የኮሮላ መብራት አስቀምጦ አክንባሎ የደፋበት ልጅ ነው።